ልክ ማስገባት

ከካርቶኑ ወጣ፣ ዘይቱ ሳይደርቅለት፣
ብረቱ ቀዝቃዛ፣ ጭረት የሌለበት፣
የሁለት ዓመት ሰሊጥ የተበላበት፣
ሚስቴ አንዴ አይታ ፊቷን ያዞረችበት።

ከአዘዞ ባሻ ደርበው መጡ፣ መፍቻቸውን ይዘው፣
የመነጽሩን ብሎኖች በየተራ አጥብቀው፣
«እንደ በገና ነው፤ አንዱን ከወጠርከው
ሌላው ይከፋዋል» አሉ አቧራ ጠርገው።

ኮሶዬ ገደል አፍ፣ ነፋሱ ከቆላ፣
ለሰደፉ ትራስ አንድ ቁና ባቄላ፣
መቶ ርምጃ ማዶ የሳሙና ካርቶን፣
መሐሉ ላይ በከሰል የሣልኩበት ዓይን።

የመጀመሪያዋ ጥይት ጭራሽ ሳተችው።
ሁለተኛዋ ከግራ ታች ጠርዙን ላጠችው።
ባሻ አልሳቁብኝም።
«ስምንት ቀጭ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ላይ» አሉ፣
«የዚህ ዓይነት ጠመንጃ መቁጠር ነው አመሉ።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... እንደ ሰዓት ቆጠርኩ።
ትንፋሼን ግማሹን ለቅቄ፣ ግማሹን ቀበርኩ።
ሦስቱ ተከታትለው አንድ ሳንቲም ላይ አረፉ፣
ባሻም አጨበጨቡ፣ ቁራዎች ከነፉ።

ከዚያ ለሙከራ ብቻ፣ የማጉያውን ቀለበት
ሙሉ ዞር አድርጌ፣ ማዶ የአዛናውን ቤት...

ደመኛዬን፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙን ያልጠራሁትን፣
ከነደጁ አመጣው፣ በክንድ ርቀት ሰውዬውን።
ጥጃ ያባብላል፤ ለካ ያነክሳል።
ቁልፍ የሌለው ሸሚዙን በእሾህ አያይዞታል።
አንገቱን አከከ። እኔንም አንገቴን በላኝ።
ጣቴ የት እንደነበር ባሻ አልጠየቁኝ።

ባቄላውን ወደ ቤት መለስኩ።
ማታ ደብተሬ ላይ ልኩን አሰፈርኩ፦
ስምንት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ላይ።
ከሥሩ «ያነክሳል» አልኩና
ልሰርዘው ስል ተውኩ።