ምንጩ ማነው?

ጠዋት ሳሙና በር፣ ጀሪካን ተሰልፎ፣
ቢጫው ከነጩ ጋር በገመድ ተጣልፎ፣
ቆጠርኩ በስልኬ፦ መቶ አርባ ሁለት፤
አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ውኃ ከጠፋበት።
እትዬ ትርንጎ ጠጋ ብለው አሉኝ፦
«ቃሌን ጻፊው ልጄ፣ ስሜን ግን እርሺልኝ፤
ወንድሜን ያጠብኩት በብድር ውኃ ነው፤
አርባው ደረሰና ዕዳው እንዳለ ነው።»
አርታኢው ደወለ። «ምንጩ ማነው?» አለኝ።
ምንጭማ ደርቆ እኮ ነው እዚህ ያዋለኝ!
ቃላቸውን ቆርጬ ገጹ ላይ ለጠፍኩት፤
ዘጠኝ ሰው አየልኝ፣ አንዷ እናቴ ናት።

ማታ ቁስቋም ግርጌ፣ አዛናው ባጃጁን አቁሞ ሲገባ፣
ሻማ እንለኩሳለን፤
ንጉሥ ነው አዛናው፣ እያያው ደብተራ፣ ውባለም ደግሞ ሌባ፤
እኔ የጻፍኩላቸውን ከተማ ካርታ እንዘረጋለን።
ጉድጓዷን የሚጠብቅ ዘንዶ አይደለም፤
ማኅተም የያዘ ሰው ነው፣ ምሳ ወጥቶ የማይመለስ።
ከደጁ አንዲት አሮጊት አስቀመጥኩ፤
የእትዬን ቃል ሰጠኋት፣ አንድ ፊደል ሳልቀንስ።

አነበብኩት።
ንጉሡ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ በመዳፉ ጨብጦ ዝም አለ።
ምንጭ የጠየቀ የለም።
«ወርውር እንጂ!» አለች ሌባዋ።
ወረወረ፤ ዳይሱ ገና ሲንከባለል
ከጓሮ ቧንቧው አሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ደግሞ አሳለ፣
ንጉሥና ደብተራ ባልዲ እየተነጣጠቁ ወጡ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።

ሻማውን አስጠግቼ አየሁ፦
ዳይሱ የካርታው እጥፋት ላይ ተደግፎ
በሁለት ገጽ መካከል ቆሟል።