ጠብቆ ይነበብ

ታርቱ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
በተዘጋው ማተሚያ ቤት ምድር ቤት፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ባንድ አለ፤ ስሙ «እርማት»።
መግቢያው ሁለት ዩሮ። ትኬት ቆራጩ እኔ ነኝ፣
ድሮ እዚሁ የወረቀት ጥቅል ተሸካሚ፣
ዛሬ የወገቤ አስታማሚ።

ቤዝ የምትጫወተው ሄልቬ ናት፣ የጋዜጣው አራሚ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነጠላ ሰረዝ ለቃሚ፤
ጋዜጣው ሲከስር ቀይ እስክሪብቶዋን
ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወጣች፤ ሌላ አልያዘችም።
አኮርዲዮኑ የማይሬ፦ የሙት ዜና ጸሐፊ ነበረች፣
ዕድሜና የቀብር ሰዓት ብቻ እየጠራች ሰው ታስለቅሳለች።
ከበሮው የኦት፦
ለነጠላ ሰረዝ ብሩሽ፣ ለድርብ ሰረዝ ጸናጽል፣
ለነጥብ አንዲት ምት።

የሚዘፍኑት የአየር ጠባይ ነው፣ የጠፋ ድመት፣
«በማክሰኞ እትማችን ገጽ ሦስት» ብሎ የሚጀምር ይቅርታ፣
በጊዜው አራት ሰው ያነበበው።
ሕዝቡ ግን ይጨፍራል!
ቋንቋችን የነገ ግስ የለውም፣ ትላለች ሄልቬ በየመሐሉ፤
ቀጠሮ ለማፍረስ ይመቻል።

ያን ሐሙስ ራይቮ፣ የቀድሞው የወንጀል ዘጋቢ፣
አሮጌውን ዘፈን አነሳ፣ የወፍጮ ቤቱን ቃጠሎ፦
«በአንድ ፊደል ግድፈት
ካሌ በካሌ ተተካ፣
ስህተት ተፈጸመ፣ ስህተት ተፈጸመ...»

ቤዙ ቆመ።
ሄልቬ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አወረደች።
«ማን ፈጸመ?
ተደራጊ ግስ የጓሮ በር ነው፤
ባለቤቱ በዚያ ያመልጣል።»

ማይክሮፎኑ ብቻ ያፏጫል።
ራይቮ ከንፈሩን ላሰ፣ እንደ ተማሪ እርባታውን ጀመረ፦
«ተጻፈ... ተጽፎ ነበር... ጻፉ... ጻፍን...»
ኦት በየቃሉ ብሩሹን ሲያስነካ፣
«ጻፍኩ።»
አንዲት ምት።
«እኔ ጻፍኩ። ደውዬ አላጣራሁም።
ቢራዬ ሊሞቅብኝ ነበር።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሳ፣
ባርኔጣውን እንዳደረገ፤
ሁለት ዩሮውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ፊቱን አላየሁም።
ይምራል ወይስ ይረግማል ስንል፣
«ካሌ አይደለሁም» አለ፣ «ካሌ ነኝ።
ጠብቆ ይነበባል።
አሁንም አላላኸው።»

በእኛ አጻጻፍ ሁለት «ል» ነው፤
እዚህ ገጽ ላይ ግን ልዩነቱ አይታይህም።
እሱ በዚያች ጥብቀት ውስጥ
ሚስት ነበረችው፣ ቤት፣
የዳቦ ሻጯ «እንዴት አደርክ»።

ራይቮ አፉን አስተካከለ፣
ምላሱን ላንቃው ላይ አሳርፎ ድምፁን ያዘ፣
ያዘ፣
ሽማግሌው በእጁ «ገና፣ ገና» ሲለው
ያዘ፣
ኦት ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ፣
ነጥቧን ሊያሳርፍ
እየጠበቀ።