በእርሳስ የሞላሁት ቅጽ

አድ ድሮፕ የሚያልቀው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት፤
ቅጹ እጄ ላይ ነው፣ አንድ ረድፍ ቀርቶታል ያልወሰንኩበት።
አራት ኪሎ ግቢ፣ ከሬጅስትራሩ በር፣
ሰልፉ ደረጃ ወርዶ ተጠማዟል እስከ ቤተ መጻሕፍቱ አጥር።

ትርሲት ከኋላዬ አገጯን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ፣
«ቀላሏን ያዢ ባክሽ» አለችኝ፣ «ሰው በከንቱ አይልፋ።
መምህሩ ለጋስ ነው፣ ኤ እንደ ከረሜላ ያድላል፤
ስም እንኳ አይጠራም፤ የመጣም የቀረም ያልፋል።
ሕክምና በነጥብ ነው የሚገባው፣ በላብ አይደለም፤
ኮምፒውተሩ ድምሩን እንጂ ያነጋሽውን ሌሊት አያይም።»

እውነቷን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው፣ እውነት መሆኑ፤
ኢዮስያስን አይቼዋለሁ፣ በዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ሲጨልም ቀኑ።
ከሁላችን ይልቅ ያነብ ነበር፣ ከባድ ከባዱን ይመርጣል፤
አሁን ስለ ሕክምና ሲወራ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክሩን ያስራል።

ከወዲያ ደግሞ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ዶክተር ልሳነወርቅ፣
ጠመኔያቸው ሲሰበር እንኳ ክፍሉ በሙሉ የሚሳቀቅ፤
ከአርባ ሰው ለሁለቱ ኤ ሰጥተው፣
«ዘንድሮ በዛብኝ» አሉ ይባላል፣ መነጽራቸውን ጠርገው።

ሰልፉን ለትርሲት አደራ ብዬ አስፋልቱን ተሻገርኩ፣
ጋሽ ደምሰው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ያለፉ ፈተናዎች ጠየቅኩ።
የቀላሏን መዘዙልኝ፣ ገና ከማሽኑ የወጣ፣ ትኩስ፦
«መልሱ አብሮ ተያይዟል፤ ሃያ ብር፤ ከዚህ አልቀንስ።»
«የዶክተር ልሳነወርቅስ?» ብላቸው እስኪያስሉ ሳቁ፦
«እሳቸው ጥያቄ አይደግሙም፤ ያምናውን ያጠኑ ሁሉ ወደቁ።»

ማሽኑ ያጓራል። አረንጓዴ ብርሃን ይመጣል፣ ይሄዳል፤
እኔ ቆሜ ቀረሁ፦ በሽታስ ጥያቄ ይደግማል?
ከኋላው መልሱ ተያይዞ የሚመጣ ትኩሳት፣
ሃያ ብር ከፍለው የሚሸመድዱት የሕፃን ልብ ምት፣
የት ይሸጣል?

አባቴ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥሮ ሚዛን ያይ ነበር፤
ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ጣቶቹ አየር ይመዝናሉ፣ እራት ላይ፣ ሳይናገር።
«ሲቀልሽ ጠርጥሪ» ይለኝ ነበር፣ መዳፌ ላይ ቀለበት አኑሮ፣
«የቀለለ ነገር የያዘውንም ያቀልለዋል አብሮ።»

ይህን ይዤ ልወስን ስል በእጄ ያለውን አየሁት፤
እርሳስ። እርሳስም ይከብዳል እኮ፤ በወርቅ ለብጠው ስንቱን ሸጡት።
ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢጠየቅ ይመስክር
ኢዮስያስ፤ እሱ ባይናገር፣ የጫማው ክር።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ቅጹን መለሱት ወደ እጄ፦
«በእርሳስ አንቀበልም፤ እስክሪብቶ የለሽም እንዴ ልጄ?»
የትርሲትን ተበደርኩ። ቀለሙ መጀመሪያ እምቢ አለ፤
መዳፌ ላይ ጫር ጫር ሳደርገው ሰማያዊ መስመር ተሳለ።

ጻፍኩ። ትርሲት በትከሻዬ አሻግራ አነበበች፣
«ሲያስለቅሱሽ እንዳትደውዪልኝ» ብላ ተቆጣች።
ከዚያ ዝም አለች። ሰዓቷን አየች፣ ቅጿን አየችና፣
«እስክሪብቶዬን አምጪው» አለችኝ፤ «አልሞላሁም ገና።»