ጥቁር ለባሹ

ሼትላንድ ደሴት ላይ፣ ከሰሜኑ ጫፍ፣
ዛፍ ከማይቆምበት የነፋስ አፋፍ፣
አባቴ ላውሪ ላይ ሕግ ነበረበት፤
ባሕር ላይ «ቄስ» የሚል ቃል እንዳይወጣበት።
«ጥቁር ለባሹ» ይላል፣ ባሽሙር አዙሮ፣
ባሕሩ ስሙን ሰምቶ እንዳይነሣ አምርሮ።

ማየትም ያውቃል። ጨረቃ ስትወጣ
ቀለበት ካጠለቀች፣ ወጀብ ነው ሊመጣ።

ያን ጧት ግን ባሕሩ እንደ እርጎ ረግቶ፣
ቀለበት አልነበር፣ ወፍ አልሸሸ ፈርቶ፤
«ቄስ» ያለም አልነበር።
ታናሽ ወንድሙን ግን፣ ኤርቲን፣ እግሩን ይዞ
ገመድ ወሰደው። ላውሪ ቀረ እጁ ደንዝዞ።

ሰባት ዓመት ሙሉ አልጸለየ፣ አልማለ፤
መረብ እየጠገነ፣ እንዲያው ዝም እንዳለ።
ከዚያ አንድ እሑድ ጢሙን ተላጨና፣
የኤርቲን ጥቁር ኮት ከሣጥን አወጣና፣
ቤተ ጸሎት ሄደ፣ በእግሩ፣ በዳመና።

ተከትዬው ሮጥሁ፦ «አባባ፣ ምን አየህ?
ሕልም ነው? ምልክት? ወይስ ሞትን ፈርተህ?»
ቆመ። የጎደለ ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ፣
(ልማዱ ነው፣ ሲያስብ) ከዚያም መለሰ፦
«ምንም። አይቼ ቢሆን ምን ያስኬደኛል?
ያዩትንማ ማመን ማንን ያቅተዋል?
ፍርሃቴንም ባሕሩ ከኤርቲ ጋር በላው።
ልሂድ አልኩ፣ ተነሣሁ፤ ሌላ ነገር የለው።»

ሰኞ መረብ ስንጥል፣ «ስብከቱ እንዴት ነበር?»
አልኩት። ዞር አለና አየው ያንን ባሕር፤
ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ማዕበሉ ይሰማል፦
«ጥቁር ለባሹማ… ደኅና ሰው ይመስላል።»