ነፋስ በስንት ይሸጣል?

የሊየፓያ ነፋስ ከሰው ቀድሞ ይነቃል፤
በር ቢዘጉበትም በቁልፍ ቀዳዳ ይዘልቃል።
ቀን ቀን ትራም ላይ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ማታ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ።
የአባቴ ካፖርት ግራዬን ይዞልኝ፣
የእናቴ ሹራቦች ቀኜን ሸፍነውልኝ፣
ስልኬን ከመስቀያው በካልሲ አስሬ
ኮክሌዬን ከጭኔ አጋድማታለሁ፣
አሥራ አንድ ክሯን በጣቴ እቀሰቅሳለሁ።

ቅጂው አልቆ ሲጫን፣ ክቧ ስትዞር፣ ስትዞር፣
ሻዬ በረደ፣ ዓይኔ እሷኑ ሲያባርር።
ከዚያ ባዶ ሣጥን፦ «ዋጋ ያስገቡ» አለኝ።
ሁለት ዩሮ ጻፍኩ፤ ድፍረት መሰለኝ።
ሃምሳ ሳንቲም አልኩ፤ ልመና መሰለኝ።
አንድ ብዬ ተኛሁ።
ሳይገዛ የሚሰማው፣ እሱማ ይታወቃል፦
ሺህ ጆሮ ቢያዋጣ አንድ ዳቦ ይጎድላል።
ቢሆንም ጆሮ ነው። ይምጣ ብዬ
አድራሻዬን ባገለገለ ትኬት ጀርባ እየጻፍኩ
ለተሳፋሪ አደልኩ፤ ወለሉ ላይ መልሼ ለቀምኩ።

ሦስት አድማጭ ነበረኝ፦
የአክስቴ ልጅ ዳግማራ፣ አንዴ፣ ለይሉኝታ፤
የድሮ አስተማሪዬ፣ ስህተት ሊለቅም፣ ማታ ማታ
(«ነፋስ ገብቶበታል፣ አጽጂው» ብሎኛል)፤
ሦስተኛዋ ራሴ፣
ቆጣሪው ሥራ እንዳይፈታ።

አንድ ማለዳ ግን፣ ጥር አጋማሽ ላይ፣
ጥርሴን እየቦረሽኩ ስልኬን ገልጬ ባይ
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት!
ባንድ ሌሊት። ካንድ ከተማ። ፖርቱጋል፣ ሴቱባል።
ሠርግ ነው? መሸታ ቤት? ሬዲዮ ይሆን ይባል?
ለሾፌራችን ለግቪዶ ብነግረው
«ሮቦት ነው» አለኝ፣ ፍሬን እየያዘ።
እኔ ግን በልቤ ሁለት አዳራሽ ሞላሁ፣
ለተሳፋሪው ሁሉ መልስ አብዝቼ ሰጠሁ።

ማታ መልእክት መጣ። ስሙ አደሊኖ፣
ዓሣ አጥማጅ የነበር፣ ጡረተኛ ሆኖ።
«እመቤት ቪዝማ፣ ይቅርታ።
ሠላሳ ዓመት የተኛሁት ከመርከብ ሞተር ጎን ነው።
አሁን በቤቴ፣ በመሬቱ፣
ዝምታው እንቅልፍ ነሣኝ።
ትናንት የእርስዎን ከፈትኩ፤ ድንገት ይዞኝ ሄደ፣
ሳላጠፋው ተኛሁ፣ ሲደጋግም አነጋ።
ክሩ መልካም ነው። ብቻ ከጀርባው
የሚያጉረመርም አለ፣ የሚሄድ የሚመለስ…
እሱ ምንድን ነው?
እሱን ለብቻው አለዎት?»

እሱን!
አሥራ አንድ ሌሊት ከቅጂዬ ልፍቀው የታገልኩትን፣
በፎጣ በብርድ ልብስ መግቢያ የደፈንኩበትን፣
የከተማዬን ነፋስ!
ተናደድኩ። ካልሲውን ወረወርኩ። ሣቅኩ።
ለካ ዘፋኙ እሱ ኖሯል፤
እኔ አጃቢ ነበርኩ።

መስኮቴን ከፈትኩ፣ ስልኬን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ፣
አርባ ደቂቃ ሙሉ እጄን አጣጥፌ ተንቀጠቀጥኩ።
ኮክሌዋን አልነካሁም።
እሺ፣ ነካኋት። አንዴ። መጨረሻው ግድም።
አንዲት ክር፣ ለክብሬ፤
ሰው አይደለሁም እንዴ?

«ዋጋ ያስገቡ» አለ፣ ያው ባዶ ሣጥን።
ነፋስ በስንት ይሸጣል? በኪሎ ነው? በክንድ?
ጉም ዘግኖ ገበያ የወጣ ማን አለ እንደኔ ጉድ?
«ገዢው የፈቀደውን» ብዬ ተውኩት።
አደሊኖ ዘጠኝ ዩሮ ከፈለ።
የድርጅቱ ተቆርጦ፣ የባንኩ ተቆርጦ
ለአንድ አዲስ ክር በቃ፣
ለግማሽ ኪሎ ቲማቲም ተረፈ።

በሦስተኛው ቀን ጻፈልኝ፦
«ግሩም ነው። ልክ እንደ ባሕሩ።
አንድ ነገር ብቻ፦ ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ
የሆነ ነገር ጮኾ ቀሰቀሰኝ።
ምን ነበር እሱ?»

ብዙ ጻፍኩ፤ ብዙ ሰረዝኩ።
ትራሙ ሊነሣ ሲል፣ ደወሉ ሲደወል፣ ላክሁለት፦
«እኔ ነኝ።»