የሱፍ ዕዳ

ወንድሜ አጥናፉ ሲሞት ለኔ የተረፈኝ፦
ቁልፉ የረገፈ ካፖርት፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣
ግማሽ ኩንታል ሱፍ፣
አንዲት ነጭ ካካቱ ከነሽቦ ቤቷ።

ሻሼ ነበር የሚላት፤
ስትቆጣ የራሷን ጉትያ
እንደ ነጭ ሻሽ ስለምታቆም።
ለገጣፎ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ከሚረከብበት፣
ከስፌት መኪናዬ ጎን ሰቀልኳት።

እሱ የሚያውቀው ሱፍ ነበር፤ ጠዋት ሱፍ፣ ማታ ሱፍ።
አሠሪው አገሩ ሲገባ ያስረከበውን ወረቀት
ምን እንደሚል ሳይጠይቅ
ሱፍ ጠቀለለበት።
እንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው፣ «በሞቴ» እያለ፣
በፍቅር አወፈራት።

ዶክተር ለሊሴ ላም ልትከትብ ሰፈር ስትመጣ
ለምኜ አስገባኋት።
በጣቷ ደረቷን ዳበሰች፤ አጥንት ፈለገች፤ አጣች።
«ጮማ ነው ያበላችኋት። ለሷ ሱፍ ጮማ ነው።
ከዛሬ ጀምሮ ለሽልማት ብቻ፣ በቁጥር፣ ስምንት ፍሬ።
ጎመን ስጫት፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ የበሰለ ዱባ፣
ምስር ዘፍዝፈሽ ጭራ ሲያበቅል፣
ጨው ያልነካው ሩዝ።
ቡና አይድረስባት፣ ቸኮላት አይድረስባት፣ ሽንኩርትም፤
አቮካዶ ደግሞ፣ ስሙንም እንዳትጠሪው፤ መርዟ ነው።»

የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት።
ጎመኑን አንስታ ቃኘችው፣
አገላብጣ አይታ ወረወረችው፣
የሰው ሙሽራ ቀሚስ ላይ።
ካሮቱን ቆራርጣ ፔዳሉ ሥር አዘነበችው።
ስምንቱን ፍሬ ግን አንድ ሳታስቀር!
ከዚያ ገልመጥ አድርጋ፣ ምንቃሯን በሽቦው ላይ
ሞረድ እንደሚስል ሰው ፋቀች።

ዘዴው የተገለጠልኝ በገዛ ምሳዬ ነው።
ቆስጣዬን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ተደብቄ እንደሚሰርቅ፣
አጣጥሜ ስበላ፣
አንገቷ ከሽቦው ወጣ።
እናቷ ቤት ያለውን ንቃ
የጎረቤት ሞሰብ እንደሚያምራት ልጅ፣
ካላካፈልሽኝ ብላ ጮኸች።
አካፈልኳት። ዋጠች። አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል።

ዓርብ ቀን እንቁላል ቀቀልኩላት፤
ቁራሽ ብቻ፣ በሳምንት አንዴ፣ እንደታዘዘው።
ሽታው አጥር ዘለለ።
«ገደፍሽ እንዴ?» አሉኝ ወይዘሮ ብዙአየሁ።
«ለወፏ ነው።»
ዝም አሉ። ቆይተው፦
«እሷስ ብትሆን፣ በክርስቲያን ቤት እያደረች?»

ውኃ በፈረቃ ነው የምትመጣው።
ጄሪካኑ ሲጎድል መጀመሪያ የሷ ጣሳ ይታጠባል፣
ቀጥሎ ድስቴ፤
ፀጉሬ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

አንድ ከሰዓት የጎረቤት ልጅ ቢፍቱ
የአቮካዶ ቁራሽ በሽቦው አሾልካ
«እንኪ፣ ቅቤ ነው» ስትላት
አየሁ። መቀሱን ጥዬ የሮጥኩትን ሩጫ
ያየ፣ ቤቴ የተቃጠለ ይመስለዋል።
ነጠቅኩ። ልጅቷ አለቀሰች። ወፏም ተሳደበች።
እጇን በሳሙና አሳጥቤ፣
እሸት በቆሎ ለሁለቱም ሰበርኩ።
አሁን ሱፉን የምትቆጥረው ቢፍቱ ናት፤
ሰባት ላይ ትሳሳታለች፣
እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፣
ወፏም ስህተቱን ወዳዋለች።

«በደንብ ከተያዘች ስልሳ ዓመት ትኖራለች» ብላኛለች ዶክተሯ።
እኔ ሃምሳ ሦስቴን ይዣለሁ።
ግማሽ ኩንታሉ ጥግ እንደቆመ ነው፤
በቀን በስምንት ፍሬ ሒሳብ፣ ነቀዝ ካልቀደመው፣
እኔንም ይቀብራል፣ ቢፍቱንም ይድራል።

ሲመሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣
አፌ ውስጥ መርፌና ክር፣ ምሳዬ ከነክዳኑ፣
ከጨለማው ውስጥ
ሲጋራ በጎረነነው በአጥናፉ ድምፅ፦
«በላሽ?»

ለሷ ይላት የነበረው ነው።
እኔን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ
ስንት ዘመኑ።

«በላሁ» አልኳት።
ጉትያዋን አቆመች።
አላመነችኝም።