ጠርዝ ሰፊው

ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፤ ፈረቃዬ አልቋል፤
ከዘበኛው ቤት ውስጥ ስልኬ ተደግፏል።
የማየው የእህቴን ልጅ፣ ይታገሱን፣ ካናዳ፤
የዩኒቨርሲቲ ኳስ፣ ሞላላ፣ እንግዳ።
ጎንበስ ይልና እሱ፣ ኳሷን በእግሮቹ መሃል
ወደ ኋላ ወርውሮ ተነስቶ ይሮጣል፤
የሚመታው ይመታል። በቃ። ይኸው ሥራው።
በጨዋታ ስምንት ጊዜ ነው ሜዳ የሚጠራው።

«ለስምንት ውርወራ ብሎ ባሕር ተሻገረ?»
አለና ዘበኛው ማሙሸት በሳቅ ተንፈራፈረ።

እኔ ግን ዝም አልኩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
የብርድ ልብስ ጠርዝ ነው የሰፋሁበት።
ገበያ ላይ ሰው ሁሉ አበባውን ያያል፣
ቀለሙን ያደንቃል፣ ውፍረቱን ይለካል፤
ጠርዙን ማን ይጠይቃል?
ሲተረተር እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ኳሷ ከመቺው አናት በላይ አለፈች፤
በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።
ስሙ ያኔ ብቻ ተጠራ፤ ካሜራዋም ያኔ ዞረች።

ዛሬ ስምንቱም ደረሱ። ስሙን ማንም አላነሳ።
ማሙሸት አንቀላፍቷል፣ የሳቀውንም ረስቶ።
ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጌ
ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት።
ስፌቱ የኔ ነው።
አልላላም።